«ዱቤ የለም» ማለት ስንት ያስከፍላል?

የካኩማ ሙቀትና አቧራ እንደምታውቁት ነው፤ እኛም እንደናንተው ጥላ ፍለጋ ላይ ነን። ቢሆንም ለዛሬ የያዝነው ጨዋታ አለንና ሻያችሁን ይዛችሁ ተከተሉን።

የምናወጋው ስለ ንግድ ነው። ስለ ካፒታል ግን አይደለም። ስለ ካፒታል ሁሌም እናወራለን፤ «ትንሽ ካፒታል ባገኝ ኖሮ» የማይል ሰው በመካከላችን የለም። ዛሬ የምናነሳው ካፒታል ሳይፈልግ ሱቅን የሚያቆምም፣ ካፒታል እያለ ሱቅን የሚዘጋም ነገር ነው። እሱም የሰው ስሜት ነው፤ የራሳችንም፣ ፊት ለፊታችን የቆመው ሰውም።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል እንበል። አንዲት እናት ባዶ የዘይት ጠርሙስ ይዘው ወደ አንድ ሱቅ ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ትንሽ ዘይትና ሁለት ኪሎ ዱቄት ስጠኝ። ብር ሲገባልኝ እከፍልሃለሁ።»

ባለሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ቃል ሲሰማው ስንተኛው ነው? ቱግ ይላል። «እንዴ! ያለፈውን መቼ ከፈልሽና ነው? ሱቁ የርዳታ መጋዘን መሰለሽ?» ይላል፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ሱቅ እንሂድ። ያው እናት፣ ያው ጥያቄ፣ ያልተከፈለ ያው ዕዳ። ይኼኛው ግን ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እትዬ፣ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም ለጅምላ ሻጩ መክፈል አለብኝ። ያለፈውን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይዝጉልኝ፣ ከዚያ ደግሞ እንነጋገራለን።»

ልብ በሉ፤ ሁለቱም እምቢ ብለዋል። ከሁለቱም ዱቄት አልወጣም። ዳሩ ግን አንደኛው ባለሱቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኚያን እናት አያያቸውም፤ በኋላ በር ነው የሚያልፉት። ዕዳውም አብሮ በኋላ በር ያልፋል። ሁለተኛው ጋ ግን ሃምሳም መቶም ሽልንግ ይዘው ይመለሳሉ፤ ክብራቸው እዚያ አልተነካማ። የቃሉ ልዩነት የአንድ ደቂቃ ነው፤ የሂሳቡ ልዩነት ግን የዓመት ነው።

በብር ሳይሆን በኩርፊያ የተዘጋው ሻይ ቤት

ይህን ስንጽፍ ከላይ ሆነን እንደምንመክር አታድርጉት። እኛው ራሳችን ቀምሰነዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ሆነን ሻይ ቤት ከፍተን ነበር። እኩል አዋጣን፤ ቴርሞስ፣ ብርጭቆ፣ ጂኮ ገዛን። ደብተር ያዝን። ሻይና ዳቦ ጠዋት ጠዋት ይሸጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን እሳት የማንደድ ተራ የነበረው ጓደኛችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ መጣ። ከመካከላችን አንዱ ደንበኞች በተቀመጡበት «አንተ እኮ ድሮም ሰነፍ ነህ!» አለው። ያ ሰው አንድም ቃል አልመለሰም። የያዘውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ኩርፊያ። ቀጥሎ ወዳጅ ዘመድ ገባበት። ቀጥሎ ደግሞ የአንድ ሰው መዘግየት መሆኑ ቀረና «የእነ እገሌ ወገኖች ናቕን» ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ብርጭቆውን ተካፈልን፣ ጂኮውን ሸጥን። ሻይ ቤቱ ሲዘጋ በሣጥኑ ውስጥ ብር ነበር። ደብተሩን ብታዩት ኪሳራ የለበትም። ሻይ ቤቱ ግን የለም።

ያ ጓደኛችን ያን ሌሊት የታመመ ልጁን አቅፎ ክሊኒክ በር ላይ እንዳደረ የሰማነው ከተበተንን በኋላ ነው። «ምነው ዘገየህ?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም። እኛ አምስታችንም ሂሳብ እናውቅ ነበር፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ግን አላወቅንም።

ነገሩ ስም አለው

ፈረንጆቹ ይህን ችሎታ ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ ይሉታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ማየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1990 በዚህ ስም ጽሑፍ አወጡ። የራስንና የሌላውን ስሜት ማስተዋል፣ ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያም ባወቁት መሠረት ማሰብና መሥራት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው ሲሉ ጻፉ። በ1995 ደግሞ ጋዜጠኛና የሥነ ልቦና ሰው የሆነው ዳንኤል ጎልማን በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አሳተመና ቃሉ በየመሥሪያ ቤቱና በየንግድ ትምህርት ቤቱ ተሰራጨ።

በአማርኛ ስንመልሰው ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ «ስሜታዊ ሰው» ስንል ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚነድ ማለታችን ነው። ይሄ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ እኛ «የስሜት ብስለት» ብንለው መረጥን። አባቶቻችን «ሆደ ሰፊ» ይሉት የነበረው ሰው ለዚህ ይቀርባል፤ ግን አንድ አይደለም። ሆደ ሰፊ የሚባለው ሁሉንም የሚችል፣ የሚያሳልፍ ሰው ነው። የስሜት ብስለት ያለው ነጋዴ ግን ሁሉን አያሳልፍም። እምቢ ይላል፣ ዕዳውን ይጠይቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። ልዩነቱ እንዴት እንደሚለው ማወቁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንለይ። ሱቅን የሚዘጋው ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም ይዘጋል። «እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ያገሬ ሰው ናት፣ የሠፈሬ ሰው ነው» እያለ ለመጣው ሁሉ ዱቤ የሰጠ ሰው፣ በሁለት ወር ውስጥ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ሲቀመጥ አይተናል። ያኔ ደግሞ ያ ለስላሳ ሰው ተበዳሪዎቹን ሁሉ በአንድ ቀን መሳደብ ይጀምራል። ቁጣም ይሉኝታም ሁለቱም ያው ናቸው፤ ስሜቱ ነጋዴውን ይነዳዋል እንጂ ነጋዴው ስሜቱን አይነዳውም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው።

ስኳሩ ያው ነው፣ ልዩነቱ ሰውየው ነው

«ይሄ ለትልልቅ ኩባንያ ነው እንጂ ለእኛ ጉሊት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። እስቲ ገበያችንን እንየው።

ካኩማ ከተመሠረተ ከ1992 ወዲህ እዚህ ያልተሸጠ ነገር የለም። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በካምፑና በአካባቢው ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች መኖራቸውን፣ በዓመት የሚንቀሳቀሰው ገንዘብም ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገመት ገልጿል። ቀላል አይደለም። ግን ከሁለት ሺህ ሱቅ ስንቱ ያንኑ ስኳር፣ ያንኑ ዱቄት፣ ያንኑ ሳሙና ነው የሚሸጠው? አብዛኛው ዕቃ የሚመጣው በዚያው በኪታሌና በሎድዋር መንገድ ነው። ዋጋውም ተቀራራቢ ነው።

በ2015 ባምባ ቻኩላ የተባለው በስልክ የሚላክ የምግብ ገንዘብ ሲጀመር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ከዚያ በፊት ሰው ተሰልፎ የተሰፈረለትን ነበር የሚቀበለው። በባምባ ቻኩላ ግን ውል ካላቸው ነጋዴዎች መካከል ወደ ፈለገበት ሱቅ መሄድ ቻለ። ሰው መምረጥ ሲችል ደግሞ የት ይሄዳል? ሰላም የሚሉት ጋ፣ የማይሰድቡት ጋ፣ ሚዛኑን የማይጠራጠረው ጋ ነዋ!

በ2025 ደግሞ በገንዘብ እጥረት የተነሳ የምግብ ርዳታው ክፉኛ ተቀነሰ። ያን ጊዜ በየሱቁ የዱቤ ደብተር እንዴት እንደወፈረ እናንተው ታውቃላችሁ። ሸማቹ ተጨነቀ፣ ነጋዴውም ተጨነቀ። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ብዙ ወዳጅነት የሚፈርሰው፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ደግሞ ለዓመታት የሚቆይ ደንበኛ የሚገኘው።

አምስቱ ነገሮች በእኛ መደርደሪያ ላይ

ጎልማን በ1998 በጻፈው ጽሑፍ ይህን ችሎታ በአምስት ከፍሎታል። እኛ ወደ ገበያችን አምጥተን እንያቸው።

አንደኛ፣ ራስን ማወቅ። ዛሬ ምን ሆኛለሁ? ሌሊቱን አልተኛሁም? ከአገር ቤት መጥፎ ወሬ ሰምቻለሁ? የጉዳያችን መልስ ዘገየ? ስሜቱን በስሙ የጠራ ሰው ግማሹን አሸንፎታል። «ዛሬ የከፋኝ በዘመዴ ነው እንጂ በዚህች ደንበኛ አይደለም» ማለት መቻል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ራስን መግዛት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ቁጣው ሲመጣ እጅን በሥራ መያዝ ይረዳል፤ ሚዛን መጥረግ፣ ውኃ መጠጣት፣ ደብተር መግለጥ። አንዲት በሠፈራችን የምትነግድ እህት «ሲናደድብኝ ደብተሩን ነው የማወጣው፤ ደብተሩ ስለማይጮህ» ብላ አስቃናለች። ግን እውነቷን ነው። «አልከፈልክም» ከማለት «እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው» ማለት ሁለቱን ሰዎች ከጠብ አውጥቶ አንድ ወረቀት ላይ ያገናኛቸዋል።

ሦስተኛ፣ ውስጣዊ ፍላጎት። በዚህ ኑሮ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ብዙ ነው። ዕቃ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይዘገያል፣ ዝናብ ሲመጣ ላጋው ሞልቶ መንገዱን ይቆርጠዋል። ባለፈው የደረሰበትን ቆጥሮ ሳይሆን ነገ የሚያደርገውን አስቦ የሚነሳ ሰው ነው የሚዘልቀው።

አራተኛ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት። ዕዳ ያለበት ሰው በሱቃችሁ ማለፍ ሲተው ብዙ ጊዜ ክዶ አይደለም፤ አፍሮ ነው። ይህን የገባው ነጋዴ ቀድሞ ሰላም ይላል። «ጋሼ፣ ጠፉብን እኮ! ዕዳው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ሰላምታ ግን አይቁረጡብን።» ይቺ ቃል አንድ ሳንቲም አታስወጣም። ሰውየው ሲኖረው መጀመሪያ የሚከፍለው ማንን ይመስላችኋል?

አምስተኛ፣ ከሰው ጋር መግባባት። ንግድ የሚያድገው እዚህ ላይ ነው። ካኩማ ውስጥ ያለን ደንበኛ ሱማሌው፣ ደቡብ ሱዳኑ፣ ኮንጎው፣ ብሩንዲው፣ የአገሩ ባለቤት ቱርካናው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ግማሽ በሩን ዘግቶ እንደሚሠራ ነው። ከሰል ይዛ ለመጣች የቱርካና እናት በቋንቋዋ «ኤጆክ» ብሎ ሰላምታ የሰጠ ነጋዴ፣ ከዋጋው በፊት ሰውየዋን አይቷታል። በስዋሂሊ «ፖሌ» ማለትን፣ ማለትም አይዞሽ፣ አዝናለሁ ማለትን ያወቀ ሰው፣ ከብዙ ጠብ ይድናል።

ከጅምላ ሻጩ ጋርም ያው ነው። መክፈያው ቀን አልፎ ስልክ ከማጥፋት፣ ቀኑ ሳይደርስ ደውሎ «ግማሹን ዛሬ በኤምፔሳ ልላክልህ፣ ግማሹን ለሰኞ ታገሠኝ» ማለት ይሻላል። ነጋዴን የሚያስፈራው የብሩ መዘግየት ብቻ አይደለም፤ አለማወቁ ነው። ቀድሞ የተናገረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተጨማሪ ዕቃ በዱቤ ይሰጠዋል። ካፒታል የምንለውስ ይኸው አይደለም እንዴ?

ይማሩታል ወይ?

«እኔ ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው፣ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለዚህ የሚቀርብ አንድ የአፍሪካ ጥናት እንንገራችሁ። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሂሳብና የገበያ ሥልጠና ወሰደ። ሁለተኛው አስተሳሰብን የሚመለከት ሥልጠና ወሰደ፤ ቀድሞ መነሳትን፣ በእንቅፋት አለመሸነፍን፣ ወደፊት ማየትን። ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። በ2017 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሥልጠና ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር የአስተሳሰብ ሥልጠና የወሰዱት ትርፍ በ30 በመቶ ገደማ አደገ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት ግን 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ያም እርግጠኛ ሊያሰኝ የሚችል ልዩነት አልነበረም።

ይህ ጥናት በቀጥታ ስለ ስሜት ብስለት አይደለም። ዋናው የአምስቱ ሦስተኛ ያልነውን፣ የውስጥ ተነሳሽነትን የሚመለከት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ጎልማሳ ነጋዴም ጠባዩን በልምምድ ሊለውጥ ይችላል፣ ለውጡም እስከ ኪሱ ይደርሳል።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም እንናገር። የጎልማን መጽሐፍ ከወጣ በኋላ «ለስኬት የስሜት ብስለት ከዕውቀት ይበልጣል» የሚለው ወሬ ተጋኗል ብለው የተቃወሙ ምሁራን አሉ። እኛም ከነሱ ጋር ነን። ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ፈገግታው አያድነውም። ሂሳብ የማይዝም እንዲሁ። የስሜት ብስለት የደብተሩ ምትክ ሳይሆን የደብተሩ ጓደኛ ነው።

ፈገግታም ይደክማል

አሜሪካዊቷ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሺልድ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ሥራ መርምራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ፊት ፈገግ ማለት ራሱ ሥራ ነው፣ ሰውንም ያደክማል አለች። እንዴት አያደክም? በሱቃችን የሚቆሙት ብዙዎቹ እናቶችና ወጣት ልጃገረዶች ናቸው። ሌላው ሰው ኀዘኑን ሲያራግፍባቸው የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ የራሳቸው ኀዘን ደግሞ ማታ ቤት ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ ቤተሰብ ሆይ፣ ሱቅ የዋለችውን ሰው ማታ «ስንት ሸጥሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» በሏት። የስሜት ብስለት ሁሉን መቻል ማለትም አይደለም። የሚሳደብን፣ የሚዝትን ደንበኛ «እንዲህ ከሆነ አልሸጥም» ብሎ መሸኘት መብት ነው። ሌት ተቀን የሚያስጨንቅ ነገር ያለበት ደግሞ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ በካምፑ ካሉት አማካሪዎችም ይጠይቅ። ይህ ድክመት አይደለም።

ሸማቹስ?

ነገሩ ለባለሱቅ ብቻ አይደለም። እኛ ሸማቾችም የበኩላችን አለን። ዱቤ የወሰድን ሰዎች መክፈል ባንችል እንኳ ቀኑ ሳያልፍ ሄደን «አልሞላልኝም፣ ግን አልረሳሁትም» እንበል። ይቺን ለማለት የሚያስፈልገው እግርና አንደበት ብቻ ነው። መደበቅ ዕዳውን አይቀንስም፤ ነጋዴውን ግን በሚቀጥለው ለሚመጣው ችግረኛ እንዲጨክን ያስተምረዋል። እኛ ስንደበቅ የሚሰደበው ከኋላችን የተሰለፈው ጎረቤታችን ነው።

ለዚህ ሳምንት

ለልምምድ ያህል ሦስት ነገር ብቻ እንያዝ። ብዙ ያዘዘ አይፈጸምለትምና።

1. የዱቤን ነገር ሰው በሌለበት እንናገር። እምቢ ማለት ካለብንም ድምፅ ዝቅ አድርገን፣ ምክንያቱን በአጭሩ ነግረን፣ የሚቻለውን መንገድ አሳይተን እንሸኝ።

2. ሱቅ ላይ ልክ አስቀድመን እንወስን። ለአንድ ቤት ከዚህ ብር በላይ ዱቤ አይሰጥም ብለን ለሁሉም እኩል ካደረግነው፣ እምቢ የሚለው ልካችን ይሆናል እንጂ ፊታችን አይሆንም። ይሉኝታም ቦታ ያጣል።

3. ሰው ሲዘገይ ወይም ሲያጠፋ፣ ከመፍረዳችን በፊት «ምነው፣ ምን ገጠመህ?» እንበል።

ይቺን ሦስተኛዋን ለእኛ ሻይ ቤት ማንም ቀድሞ አልነገረንም። ያ ጓደኛችን ዛሬም በዚሁ ካምፕ አለ፤ ልጁም ድኗል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሰላም መባባል ከጀመርን ቆይተናል። ሻይ ቤቱን ግን እንደገና አልከፈትነውም። ባለፈው ጊዜ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ያን ቀን አንዳችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ እሳቱን አንድጄ እገባ ነበር» አለን። መልስ አልነበረንም።

እናንተ መልስ እንዲኖራችሁ ነው የጻፍነው። ገበያችሁ ይድራ፣ ደንበኛችሁ ይብዛ። ቸር እንሰንብት።